«12 ቮልት ብቻ ነው» የሚለውን ቃል አትመኑ



እኔ ነርስ ነኝ፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። አብዛኛውን የሥራ ቀኔን የማሳልፈው በየቤታችሁ ነው። የደም ግፊት እለካለሁ፣ ቁስል አጥቤ አሽጋለሁ፣ የስኳር መርፌ አወጋግ አሳያለሁ። ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ ሽቦ ስጽፍ «ይህችን ልጅ በማያገባት ምን አስገባት?» የሚል ቢኖር አልቀየምም። ለምን እንደሚያገባኝ ግን ላስረዳ።

በሙቀቱ ወራት ስኳር ወዳለባቸው አንድ አባት ቤት ሄድኩ። ከባለቤታቸው ጋር በአሮጌ ሺኩን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የኢንሱሊኑን ቀን ለማየት «አባባ፣ መድኃኒቱን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ወደ ሰገነቱ ወጡና እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው የትንሿን ፍሪጅ በር ከፈቱ። እኔ ወዲያው ያሰብኩት በሙያዬ ነው፤ ስኳር የጣታቸውን ነርቭ ጎድቶት ቅዝቃዜው እያመማቸው መሰለኝ። ስጠይቃቸው ግን ፈገግ አሉና «ምንም አይደለም ልጄ፣ ትንሽ ትነዝረኛለች» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ልጄ ይህን የፀሐይ ነገር ከገጠመልን ጀምሮ። ሁለት ወር ይሆናል።»

«ለእሱ ነገሩት?»

«ደክሞ ገዝቶ፣ ደክሞ ገጥሞ፣ ምን ብዬ ቅር አሰኘዋለሁ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።»

ሰገነቱን አየሁ። ከብረቱ አጥር ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ታስሯል። ከሥሩ አንድ ባትሪ፣ ከባትሪው ጎን ኢንቨርተር የሚባለው የብረት ሳጥን፣ ከሳጥኑ ደግሞ በማራዘሚያ ገመድ ፍሪጇ ተሰክታለች። ከሳጥኑ ጀርባ አንድ ብሎን አለ። በላዩ ላይ አንድ ቁም መስመር፣ ከሥሩም ወደ ታች እያጠሩ የሚሄዱ ሦስት አግድም መስመሮች ተስለዋል። ብሎኑ ላይ ምንም ሽቦ አልታሰረም። የሰገነቱ ወለል ታጥቦ እርጥብ ነበር። አባባ ባዶ እግራቸውን ነበሩ።

ልጃቸውን በስልክ አገኘሁትና «ወንድሜ፣ እስክትመጣ ድረስ ሳጥኑን ላጥፋው?» አልኩት። ደነገጠ። «እኅቴ፣ 12 ቮልት ብቻ እኮ ነው! በስልክ የሸጠልኝ ሰው ሕፃን ቢነካው አይጎዳም፣ ኤሌክትሪሻን አያስፈልገውም ብሎኛል» አለኝ። ልጁ ቸልተኛ አይደለም። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ መብራት ይጠፋል የሚል ስጋት በየቤቱ ሲገባ፣ የአባቱ መድኃኒት እንዳይበላሽ ብሎ ከደመወዙ ቆርጦ የገዛው ነው። ያሳሳተው ያ በስልክ የተነገረው ቃል ነው። እኔም የምጽፈው በዚህ ቃል ላይ ነው።

ቃሉ ግማሽ እውነት አለው። 12 ቮልት ደረቅ ቆዳ ባለው ሰው ሰውነት ውስጥ የሚያስገባው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በጎንደር ገጠር ብዙ ዘመዶቻችን ቤት ያለችው የፀሐይ መብራት፣ ስልክ የምትሞላውና ሁለት አምፖል የምታበራው፣ ማንንም አትነዝርም። የምድር ሽቦም አያስፈልጋትም። አባባም ይህንኑ ነገሩኝ፤ «የእኅቴ ልጅ ቤት አለች፤ ማንንም ነክታ አታውቅም» አሉ። ልክ ናቸው። ልዩነቱ በመካከል ያለው ሳጥን ነው። ኢንቨርተሩ ከባትሪው 12 ቮልት ይቀበልና 230 ቮልት አድርጎ ያወጣል፤ ያው በግድግዳችን ሶኬት ውስጥ ያለው ማለት ነው። በአንድ በኩል በግ ገብቶ በሌላ በኩል ነብር ይወጣል። ሻጩ የሚነግረን ስለ በጉ ብቻ ነው።

«ዝቅተኛ ቮልት» የሚለው ስምም ራሱ ያታልላል። በኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ቋንቋ «መታኽ ናሙኽ ምኦድ»፣ ማለትም በጣም ዝቅተኛ የሚባለው፣ እንደ ቤታችን ባለው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ እስከ 50 ቮልት፣ እንደ ባትሪ ባለው ደግሞ እስከ 120 ቮልት ነው። ከዚያ በላይ እስከ 1000 ቮልት ያለው ሁሉ «መታኽ ናሙኽ» ይባላል። ሰው የሚገድለው የግድግዳ ሶኬት በወረቀት ላይ «ዝቅተኛ» ነው። ስለዚህ «ዝቅተኛ ነው» ሲሏችሁ፣ «ከሳጥኑ በዚያኛው በኩል ስንት ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። እርጥብ እጅና ባዶ እግር ያለው ሰው ሰውነት ለኤሌክትሪክ ብዙ አይከላከልም። 230 ቮልት እንዲህ ባለ ሰውነት ውስጥ እስከ 230 ሚሊአምፔር ሊያሳልፍ ይችላል። በየቤታችን ሰሌዳ ላይ ያለው ፓኻት ኤሌክትሪኩን እንዲቆርጥ የተሠራው ግን በ30 ሚሊአምፔር ነው። ከዚያ በላይ ሲያልፍ የልብ ምት ሊዛባ ስለሚችል ነው። ልባችን ራሱ በጥቃቅን ኤሌክትሪክ ነው የሚመታው፤ ከውጭ የመጣ ኤሌክትሪክ ያንን ሥርዓት ያናጋዋል። ልብ የደከመበት፣ በቆዳው ሥር የልብ መቆጣጠሪያ የተገጠመለት፣ ስኳር ነርቩን ያደነዘዘው ሽማግሌ ደግሞ ከጎረምሳ ይበልጥ ይጎዳል። ስኳር ያለበት ሰው ንዝረቱን አሳንሶ ሊሰማውም ይችላል። «ትንሽ ናት» ሲል የእውነት ትንሽ መሆኗን በእሱ ጣት ማወቅ አይቻልም።

በዕብራይስጥ ሀአራካ የምንለው የምድር ሽቦ ሥራው ምንድን ነው? የጣሪያ አሸንዳን አስቡ። ዝናቡ እንዳይዘንብ አያደርግም፤ የዘነበውን ግን ቤት ውስጥ ሳያስገባ ወደ መሬት ያወርደዋል። ቢጫና አረንጓዴ የሆነው ሽቦ የፍሪጁንና የሳጥኑን ብረት ከምድር ጋር ያገናኛል። ከቦታው የወጣ ኤሌክትሪክ ብረቱ ላይ ሲደርስ በሰው በኩል ሳይሆን በሽቦው በኩል ይወርዳል። ከዚያም ፓኻቱ ወይም ፊውዙ ነገሩን አይቶ ይቆርጣል።

በማግስቱ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን መጥቶ ሲለካ ያገኘው ይህንን ነው። አባባን ይነዝራቸው የነበረው ከኢንቨርተሩ የሚያፈተልክ ጥቂት ኤሌክትሪክ ነበር። ብሎኑ ባዶ ስለሆነ መውረጃ አላገኘም። ኤሌክትሪሻኑ የነገረን አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከምድር ጋር ያልተገናኘ እንዲህ ያለ ሳጥን ላይ የመጀመሪያው ብልሽት ዝም ይላል። አንድ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ መብራቱ ይበራል፣ ፍሪጁም ይሠራል፤ ማንም አያውቅም። ሌላኛው ሽቦም አንድ ቦታ ሲላጥ ግን በሁለቱ መካከል የሚቆም ሰው መንገድ ይሆናል። ሽቦው በሰገነት ላይ በፀሐይ፣ በዝናብና በነፋስ እየተፋተገ ያን ቀን መጠበቅ ብቻ ነው።

«እኛ ቤት ፓኻት አለ» የሚል ሰው ይኖራል። ጥሩ ነው፤ ግን የቤቱ ፓኻት የሚጠብቀው በእሱ በኩል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ነው። በሰገነት ላይ ለብቻው የቆመ ሳጥን በእሱ በኩል አያልፍም። ለሳጥኑ ራሱ ፓኻት ቢገዛለትም፣ ከምድር ጋር ያለው ግንኙነት በትክክል ካልተሠራ ፓኻቱ የሚያየው ነገር ላይኖር ይችላል። ይህ በዩቲዩብ አይቶ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፤ በተለይ እኛን ይመለከታል። ብዙዎቻችን የምንኖረው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተሠሩ ሺኩኖች ነው። የሕንፃው መሠረት ራሱ የምድር ሽቦ ሆኖ እንዲያገለግል የሚያዝዘው ደንብ የወጣው በ1981 ነው። ከዚያ በፊት በብዙ ሕንፃዎች ሀአራካ የሚወርደው በብረት የውኃ ቧንቧ ነበር። ቧንቧው ከዓመታት በኋላ በፕላስቲክ ሲቀየር መውረጃው ተቆርጦ ይቀራል፤ ሶኬቱ ግን ያው ሦስት ቀዳዳ ያለው ስለሆነ ሰው አይጠረጥርም። ስለዚህ በአሮጌ ሕንፃ የምትኖሩ፣ የፀሐይ ባትሪ ባትገዙም፣ ኤሌክትሪሻን ለማንኛውም ጉዳይ በመጣ ጊዜ «እግረ መንገድህን ሀአራካውን ለካልን» በሉት።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። የፀሐይ ባትሪ መግዛት ክፉ ነገር አይደለም። ከባትሪው 230 ቮልት የሚያወጣ ሳጥን ካለበት ግን የምድር ሽቦውና የኤሌክትሪሻኑ ክፍያ የዋጋው አካል ነው። በኋላ ገንዘብ ሲገኝ የሚጨመር ነገር አይደለም። ለእሱ የሚከፈል ከሌለ ሳጥኑም አይገዛ።

«ልጄ ኤሌክትሪክ ያውቃል» የሚለውን መልስ አከብራለሁ። ልጆቻችን ብልሆች ናቸው። ነገር ግን በዚህ አገር ከ1954 ጀምሮ ባለው የኤሌክትሪክ ሕግ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ልጃችሁ መድኃኒት ስላነበበ መርፌ አያዝላችሁም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። እኔም ቤታችሁ ስገባ የሥራ መታወቂያዬን አሳያለሁ። ይልቅ ይህን ሥራ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ወደ ኤሌክትሪሻን ኮርስ ላኩት። የፀሐይ ኃይል በዚህ አገር እየሰፋ ነው። ፈቃድ ያለው እጅ እንጀራ ይበላበታል፤ ከዚያም የጎረቤቱን አባት በአማርኛ እያስረዳ ይገጥማል።

ሻጮችንም አልተውም። የሰባ ዓመት ሰው ቤት ደውለው በማይገባው ቋንቋ አፋጥነው የሚሸጡ አሉ። ሕጉ ግን ለእናንተ ያደላል። ዕድሜው 65 የሞላ ሰው፣ አካል ጉዳተኛ፣ እንዲሁም አገር ከገባ አምስት ዓመት ያልሞላው አዲስ ዖሌ፣ ሻጩ በስልክ ወይም በመልእክት አነጋግሮት ከሩቅ የገዛውን ዕቃ በአራት ወር ውስጥ መመለስ ይችላል። ለሌላው ሰው የተሰጠው 14 ቀን ነው። ስለዚህ ዕቃው በእናንተ ስም ይገዛ፤ ቀባላውንና ሻጩ የጻፈላችሁን መልእክት አትጣሉ። የእኒህ አባት ልጅ በራሱ ስም ስለገዛውና ሁለት ወር ስላለፈው ይህ መብት አመለጠው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን እነዚህን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይስጣችሁ።

አንደኛ፣ ከሳጥኑ ስንት ቮልት ይወጣል? ሁለተኛ፣ የምድር ሽቦው የት ይታሰራል፣ ማንስ ያስረዋል? ሦስተኛ፣ የገጣሚው ኤሌክትሪሻን ፈቃድ ቁጥር ስንት ነው? አራተኛ፣ በባትሪው አጠገብ ፊውዝ አለ? አምስተኛ፣ ለምፈልገው ዕቃ ስንት ሰዓት ይበቃኛል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ያድናል። 100 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት 12 ቮልት ባትሪ ሲሞላ የሚይዘው 1200 ዋት ሰዓት ነው። 300 ዋት የሚበላ የኦክስጅን ማሽን በወረቀት ላይ አራት ሰዓት፣ በተግባር ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይሠራል። የኦክስጅን ማሽን ያላችሁ ሰዎች በዚህ ብቻ አትመኩ። የመጠባበቂያ ኦክስጅን ባሎን እንዲኖራችሁ ነርሳችሁን ጠይቁ፤ ለኤሌክትሪክ ኩባንያውም በ103 ደውላችሁ በማሽን የሚረዳ ሕመምተኛ እንዳለ አሳውቁ።

ማድረግ የሌለባችሁንም ልንገራችሁ። የምድር ሽቦ ብላችሁ ከጋዝ ቧንቧ ጋር አትሰሩ። ከሰገነት አጥር ጋር መታሰሩም ብቻውን ሀአራካ አይደለም። የባትሪውን አንዱን ጫፍ ከምድር ጋር ማገናኘት ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንዳንዱ ዕቃ ይፈልገዋል፣ አንዳንዱን ያበላሸዋል፤ የፋብሪካው መመሪያ የሚለው ይፈጸም። በሁለቱም ጫፍ ተሰኪ ባለው ገመድ የኢንቨርተሩን ኤሌክትሪክ ወደ ግድግዳ ሶኬት አትመልሱ። እንዲህ ሲሆን ኤሌክትሪኩ ወደ መንገዱ መስመር ወጥቶ መስመሩን የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ባትሪ ስትነኩ ቀለበት፣ አምባርና ሐብል አውልቁ። እዚህ ላይ 12 ቮልቱም አያዝንም፤ ብረት ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ወርቁ ግሎ ጣትን ያቃጥላል። ፋብሪካ ዘግቶ የሠራውን ተንቀሳቃሽ ባትሪ የገዛችሁ ደግሞ መመሪያውን አስነብቡ፤ እርጥብ ቦታ አታስቀምጡት፣ ማራዘሚያ በማራዘሚያ ላይም አትቀጥሉበት።

ስለ ኢንሱሊኑም አንድ ቃል ልጨምር። ሁሉም ነገር የተጀመረው በእሱ ነውና። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የተከፈተና በሥራ ላይ ያለ የኢንሱሊን እስክሪብቶ አብዛኛው ዓይነት በክፍል ሙቀት አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ የእናንተው ስንት ቀን እንደሚቆይ በውስጡ ያለው ወረቀት ይናገራል። ለቀረው ቀዝቃዛ የሚይዝ ቦርሳ ይበቃል፤ በረዶ ግን በቀጥታ አይንካው፣ ከረጋ ይበላሻልና። ያ ልጅ አስቀድሞ ቢጠይቀኝ ኖሮ ይህን እነግረው ነበር። የመድኃኒት ጥያቄ ሲኖራችሁ ከሻጭ በፊት ነርሳችሁን ጠይቁ።

ሰው በኤሌክትሪክ ቢያዝስ? በእጃችሁ አትንኩት። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን አጥፉ፤ ከቤቱ ሰሌዳ ከሆነ ዋናውን፣ ከኢንቨርተር ከሆነ ሳጥኑን። ከዚያ 101 ደውሉ። የማይተነፍስ ከሆነ በስልክ የሚነግሯችሁን ተከትላችሁ ደረቱን ተጫኑ። ቃጠሎ ካለ፣ ሰውየው ከኤሌክትሪክ ከተለየ በኋላ፣ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ ቡና፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ተነሥቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም፣ ከ230 ቮልት ከሆነ ሐኪም ይየው፤ የልብ ምርመራ ይደረግለት። ልብ ሕመምተኛ፣ እርጉዝ ሴት ወይም ራሱን ስቶ የነበረ ሰው ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ቤት አይቆይ። ከውጭ ትንሽ የሚመስል ቃጠሎ ከውስጥ ትልቅ ሊሆን ይችላል።

የፓኻቱን የሙከራ ቁልፍ እኔ በየራስ ኾዴሽ እጫነዋለሁ፤ ቀኑን ለማስታወስ ይመቻል። ሲጫኑት መብራቱ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። በማሽን የሚተነፍስ ሰው ቤት ካለ ግን ሳይዘጋጁ አይጫኑት።

አሁን ወደ አባባ ልመለስ። የአባቶቻችን ትዕግሥት ቤተሰብ ያቆመ ትዕግሥት ነው። በመንገድ፣ በሱዳን በረሃ፣ በድንኳን ውስጥ «ሆድ ይፍጀው» ብለው ያሳለፉት ነው እኛን እዚህ ያደረሰን። ኤሌክትሪክ ግን ትዕግሥት አያውቅም። የነዘራችሁን ነገር ለልጃችሁ መንገር እሱን ማዋረድ አይደለም። ያ ልጅ አባቱ ሁለት ወር እጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው እንደኖሩ ሲሰማ አለቀሰ። ያስለቀሰው ብሎኑ ባዶ መሆኑ አልነበረም፤ ያልተነገረው ነው።

እናንተም ልጆች፣ ወላጆቻችሁን «ሁሉ ደኅና ነው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ደኅና ነው» ነው የሚሏችሁ። ይልቅ «ፍሪጁ ይነዝራል? የልብስ ማጠቢያው ይነዝራል? ቧንቧው ይነዝራል?» በሉ። አንዱ እንኳ «ትንሽ» ካሉ፣ ያን ዕቃ ከሶኬት ንቀሉና በዚያው ቀን ፈቃድ ያለው ሰው ጥሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የአባባ ኢንሱሊን ዛሬ ወጥ ቤት ባለው ፍሪጅ ውስጥ ነው። በሰገነቱ ላይ ኤሌክትሪሻኑ የሠራው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ከብሎኑ ወርዶ ወደ ቤቱ የምድር መስመር ይገባል። ባለፈው ስሄድ አባባ በሩን በባዶ እጃቸው ከፈቱልኝ።